ከፍተው ዘጉት

ባለፈው ዓመት የራሴ ጨጓራ ተራ ደረሰ። የሰው ሆድ ሲከፈትና ሲሰፋ ቆሜ ሳቀብል ያረጀሁ ሴት ነኝና፣ ልጄ «እማዬ፣ ኢንዶስኮፒ ትታያለሽ» ስትለኝ የእኔ ጉዳይ መስሎ አልተሰማኝም። አዳማ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። በአፌ ቀጭን ቱቦ አስገቡ። ጫፉ ላይ መብራትም፣ ካሜራም፣ መቁረጫም አለው። ጨጓራዬ ውስጥ የበቀለች ትንሽ እባጭ በዚያው ቆርጠው አወጡና፣ የቆረጡበትን ቦታ ከባቄላ በማትበልጥ የብረት መቆንጠጫ ከውስጥ ቆንጥጠው ጨረሱ። መቆንጠጫዋም ቁስሉ ሲሽር ራሷ ወድቃ ትወጣለች አሉኝ። ሆዴ ላይ የጥፍር ጭረት እንኳ የለም። ስንት የሐር ክር፣ ስንት መርፌ በእጄ ያለፈ ሰው ነኝና ቀናሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ጨዋታ ያውቃል። ሲጨርስ በር ላይ ለቆመችው ልጄ፣ «ማዘር ደህና ናቸው፤ አውጥተን ዘግተነዋል» አላት። እሷም «ተመስገን» ብላ ለእህቷ ልትደውል ስልኳን አወጣች። እኔ አልጋው ላይ እንዳለሁ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ልጄ የመድኃኒቱ መስሏት ጋቢ ደረበችልኝ። መድኃኒቱ አልነበረም። ዘጋን የምትለዋ ቃል ናት። ዛሬ ማንም እንደ ዋዛ ይላታል፣ ማንም አይደነግጥም፤ እሰየው። በእኔ የሥራ ዘመን ግን አንድ ሰው ገድላለች፣ ይህንንም ሳልጽፈው መሞት አልፈልግም።

ዕድሜው ላልደረሰ ልንገር። በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ብቻ ሳይሆን ከሞጆ እስከ ዝዋይ ባለው አገር፣ ስለ አንድ በሽተኛ «ከፍተው ዘጉት» ከተባለ ነገር አለቀ ማለት ነው። ሐኪሞቹ ሆዱን ከፍተው አዩት፣ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ አገኙት፣ ምንም ሳይነኩ መልሰው ሰፉት፣ እንግዲህ ቤቱ ሄዶ ይሙት ማለት ነው። አውቶቡስ ውስጥም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚላት። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ላለነው ደግሞ ዘጋን ማለት ሥራው አማረ፣ ጓንት እናውልቅ፣ ሻይ ይምጣ ማለት ነው። እኔ ቀን ሙሉ በዚያ በር ስመላለስ ሁለቱንም እናገር ነበር። በር ውስጥ እንደ በር ውስጥ፣ በር ላይ እንደ በር ላይ፤ ምላሴ ራሱ ስለሚለየው አስቤበት አላውቅም።

በነርስነት ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት መቂ ነው። ክሊኒኩ ፊት ለፊት ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት በኬሻ እየተሰፋ መኪና ላይ ይጫናል፤ ደላላው ይጮሃል፣ ጫኚው ወገቡን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። ከዚያ ዝዋይ፣ ከዝዋይ ናዝሬት ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል። ደመወዙ ከመዋጮ ተርፎ እጄ ላይ ሲደርስ የሚያስቅ ነበር፤ እሱን እንተወው። ስብሰባውንም እንተወው። የእኛ የወንጌል አማኞቹ ጸሎት ቤት ታሽጎ በየሰው ቤት በሹክሹክታ የምንዘምርበት ጊዜ ስለነበር፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉን እንደ መጠጊያ ነበር የማየው። እዚያ ውስጥ መፈክር የሚያሰማ የለም፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው የሚልም የለም።

ሥራ ያስተማረኝ ዶክተር ነጋሽ ነው። አጭር፣ ቁጡ፣ ጥፍሩን በራሱ ብሩሽ የሚፈትግ፣ ብሩሹን ሌላ ሰው ከነካበት ቀኑን ሙሉ የሚያኮርፍ ሰው። ሆድ በየደርቡ ነው የሚሰፋው ይላል፣ እንደ ተከፈተው። ውስጠኛውን ስስ ሽፋን ካትገት በሚባለው ከበግ አንጀት በተሠራ ክር፣ ከሱ በላይ ያለውን ጠንካራ ሽፋን በሐር ክር እያንዳንዱን ለብቻ እየቋጠረ፣ ቆዳውን ደግሞ በቀጭን ሐር። ካትገቱን ሳቀብለው ወዲያው አይወጋበትም፤ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ያየዋል፣ ጥምዝምዙ እንዲፈታ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ይስበዋል፣ ከሳሳ ይጥለዋል። «ሦስት ቋጠሮ ለበሽተኛው፣ አራተኛው ለጉራ» ይል ነበር። ቋጥሮ ሲጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ ቋጠሮውን በጣቱ ጫፍ ይዳስሰዋል። መቀሱን ቶሎ ካቀረብኩ፣ «ምን አስቸኮለሽ፣ ሠርግ አለብሽ?» ይለኛል። ቆዳው ላይ የሚተወው መስመር ከማማሩ የተነሳ እኛ ነርሶቹ «ለቀሚስ ጥለት ይሆናል» እያልን እናሾፍ ነበር።

ከሌላው ሐኪም የሚለየው ግን ከስፌቱ በኋላ ነው። ሽርጡን አውልቆ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ራሱ በር ላይ ወጥቶ ለዘመድ ይናገራል። ሽርጡን የሚያወልቀው ደም ካዩ የሚላቸውን ስለማይሰሙ ነው። ከዘመዶቹ የአንዱን የጋቢ ጫፍ ይይዝና፣ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ቀዳዳ አገኘን። እንዲህ አድርገን ጠገንነው። ላዩን ሰፋነው» እያለ ጋቢውን እያጠፈ ያሳያል። ከዚያ «በል አሁን አንተ ንገረኝ» ብሎ ሰውየውን መልሶ ያስደግመዋል። አማርኛ የሚከብደው ከሆነ ዘበኛችንን ጋሽ ወርዶፋን ጠርቶ በኦሮምኛ ያስደግማል። ጠገንን ይላል፣ ሰፋን ይላል፤ በር ላይ ዘጋን ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጠባዩ ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። እንዲያውም ሌላ በሽተኛ ጠረጴዛ ላይ እየጠበቀ እሱ ጋቢ ሲያጥፍ ስናይ በሆዳችን እናማው ነበር።

ድክመቱንም ልናገር፣ ስለወደድኩት አልሸፍንለትም። ጨጓራው ተበስቶ ሆዱ ውስጥ መግል ያደረ ሰው ሲመጣ ያ ያማረ የቆዳ ስፌት ጠላት ይሆናል። ቆሻሻውን ከሥሩ ይዞት ይቀራል። ጥቂት ቀን ሳይቆይ መስመሩ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሸታል፤ ክሩን እየቆረጥን መግል ስናፈስ ያ ሁሉ ጥለት ይበተናል። አንዳንዱማ ሲያስል የውስጡም ስፌት ይለቅና አንጀቱ ፋሻው ላይ ይወጣል። እንዲህ ባለ ቀን ዶክተር ነጋሽ ምሳ አይበላም ነበር። ሌላ ዘዴ መኖሩን ግን አይቀበልም፤ ክፍት ቁስል ትቶ ከክፍሉ መውጣት ለሱ ሥራ ጥሎ መውጣት ነበር።

አንድ ጠዋት ወደ ሰሜን ጦር ግንባር መታዘዙ ተነገረው። በቃ፣ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣቶች አልነበሩም፤ ቢላ ዳግመኛ አልያዘም። የወታደር ቁስል ቆዳውን ክፍት እየተዉ ማዳንን እዚያ መማሩን ያን ጊዜ ነገረኝ። ቀድሞ ቢያውቀው፣ ወይም ጣቶቹን ይዞ ቢመለስ እያልኩ ብዙ ተብሰልስያለሁ። ዘዴውና የበር ላይ ጠባዩ አንድ ሰው ላይ ቢገናኙልን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

በሱ ቦታ ኩባዊው ዶክተር ራሞን መጣ። ረጅም፣ ፂማም፣ እሑድ እሑድ ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚውል፣ ሳቁ ከግቢ ውጭ የሚሰማ ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ሆድ ሲሰፋ ሳይ በንዴት እንባዬ ሊመጣ ደረሰ። ደርብ ብሎ ነገር የለም። ወፍራም የናይለን ክር ወሰደ፣ ከቁስሉ ጠርዝ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ራቅ ብሎ ጠንካራውን ሽፋን ሁሉ በአንድ ላይ ወጋ፣ በአንድ ክር ከላይ እስከ ታች ወረደ። ቆዳውን ጨርሶ አልነካውም። በጨው ውሃ የተነከረ ጎዝ፣ ስስ የቁስል ጨርቅ፣ ሞላበትና ጓንቱን አወለቀ። እኔም አማርኛ አይሰማም ብዬ ለማደንዘዣ ሠራተኛው፣ «ይኼ ሰውዬ የሽንኩርት ኬሻ መሰለው እንዴ?» አልኩ። ራሞን ዞር ብሎ፣ ኬሻ ምንድን ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ተቆጥቶ ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። መጀመሪያ የተማራት የአማርኛ ቃል ኬሻ ናት።

ኋላ ነገሩን ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ክሩ ራቅ ብሎ ካልያዘ ሥጋውን ቆርጦት ይወጣል፤ ከጠበቀ ደግሞ ሥጋውን ያንቀዋል፣ የታነቀ ሥጋም ይሞታል። ስለዚህ ማቀራረብ እንጂ ማጥበቅ አያስፈልግም። ቆዳውን የሚተወው ሆዱ ቆሽሾ ለተገኘ በሽተኛ ብቻ ነው። ጎዙ በየቀኑ እየተቀየረ ቁስሉ ንጹሕ ቀይ ሆኖ ሲገኝ፣ ያን ጊዜ ጠርዙን ጎትቶ ያገናኘዋል። ሲሽር መስመሩ ሰፊና መልከ ጥፉ ነው፣ የነጋሽን ያህል አያምርም።

እኔን ያሸነፈኝ ክርክሩ አይደለም፣ የበሽተኞቹ ክፍል ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ይቀበለኝ የነበረው ሽታ ቀረ። የሚበተን ስፌት ቀረ። ሁለቱን እጆች በቅርብ ያየሁ እኔ ነኝ፤ አንዱ ለዓይን ይሰፋል፣ አንዱ ለቁስሉ። ይህን ለራሴ ስናገር ነጋሽን የከዳሁት ይመስለኝ ነበር፣ ግን እውነቱ ያው ነው።

ራሞን ቋንቋ ይወዳል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ እያነሳ «ይኼ ምን?» ይለኛል። ክር፣ መርፌ፣ መቀስ፣ ጎዝ። ከዚያ የሥራውን ቃል፤ ከፈትን፣ አጠብን፣ ሰፋን፣ ዘጋን። ከሁሉ ዘጋንን ወደዳት። የመጨረሻዋን ክር ስቆርጥለት ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ «ዘጋን!» ይላል፣ ማደንዘዣ ሠራተኛውም እኔም ተቀብለን «ዘጋን!» እንላለን፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ያን የመሰለ ፍቅር ያለበት ቦታ ሠርቼ አላውቅም። ስለ ዶክተር ነጋሽም ነገርኩት፣ የጋቢውን ነገር፣ መልሶ ማስደገሙን። በጣም ገረመው። አማርኛው ሲጠነክር እሱም በር ላይ እንደሚወጣ ነገረኝ። እስከዚያው የምንወጣው እኔ ወይም ጋሽ ወርዶፋ ነበርን።

ኦቦ ገመዳን ያመጡት ከቆቃ ነው፣ ዓሣ በሚጭን ፒክአፕ። የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ገና ጎልማሳ፣ ክንዱ የቀዛፊ ክንድ። ጨጓራውን ዓመታት ያመው ነበርና የዚያን ጊዜም ያልፋል ብሎ ተኝቶ ቆይቷል። እጄን ሆዱ ላይ ሳደርግ እንደ ጣውላ ደርቋል። አብረውት ሚስቱ አዴ ዳዲና ታላቅ ወንድሙ አሉ። አዴ ዳዲ ቀጭን ናት፣ የተቆጠበች፤ የጋዋኔን ጫፍ ያዘችና፣ «ሲስተር፣ ልጆቼ አምስት ናቸው። ይተርፋል?» አለችኝ። ገመዳ ከአልጋው ላይ፣ «ምን ታስጨንቂያታለሽ። ሲስተር፣ ቶሎ አድርጉት፣ መረቤን ውሃ ውስጥ ትቼ ነው የመጣሁት» አለ። በዚያ ሕመም ላይ ሆኖ መቀለዱ ደስ አለኝ።

ቀዳዳው የምስር ፍሬ ያህል ነበር። ራሞን ሆዱን ደጋግሞ አጠበው፤ እኔን ቢሰለቸኝም ውሃው ጥርት ብሎ እስኪመለስ ድረስ አልተወም። ከዚያ የራሱን የገመዳን ሞራ ወስዶ ቀዳዳው ላይ ደረበና በሦስት ክር አሰረው። የውስጡን ሽፋን በናይለን አቀራርቦ ሰፋ። ቆዳውን ክፍት ተወ፣ ጎዝ ሞላበት። ከሠራቸው ሁሉ ይህኛውን የሚያህል አላየሁም። «ዘጋን!» አለ፤ እኛም «ዘጋን!» አልን።

ጓንቴን ሳላወልቅ ሞጆ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ የተጎዱ ሰዎች መጡ። ጠረጴዛውን አጥቤ፣ ዕቃ አዘጋጅቼ መጠበቅ ነበረብኝ። ራሞን እጄ ሥራ መያዙን አየና፣ «እንደ ዶክተር ነጋሽ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። ሽርጡን አወለቀ፣ ፊቱን ታጠበ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ፤ ነጋሽ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ።

በማግስቱ ጎዙን ለመቀየር ስሄድ ገመዳ ትኩሳቱ ወርዶ፣ በአፍንጫው የገባው ቱቦ ንጹሕ እያወጣ አገኘሁት። ወንድሙ ከራስጌው ቆሞ ስቀይር ያያል። ቁስሉን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደም የማይደፍር ሰው ነው አልኩ። አዴ ዳዲ እስከ በር ሸኘችኝና እጄን ይዛ፣ «ገለቶማ ሲስተር። ብዙ ደክማችኋል» አለችኝ። እኔም ማስታመሙ እንዳይከብዳት ብዬ፣ «እግዚአብሔር ያበርታሽ» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ለካ ባሏ ለተፈረደበት ሴት ማጽናኛ ነበር የመሰላት።

ለምን አልጠየቁም የሚል ይኖራል። በእኛ አገር በሽተኛ እየሰማ ትሞታለህ የሚል የለም፣ አሁንም የለም። ዘመድ መርዶውን ይውጣል፣ ከአልጋው ፊት ይስቃል፣ ነርሷን ያመሰግናል። እነሱ ገመዳ እንዳይሰማ ብለው ዝም አሉ፣ እኛም ፊታቸው ስለበራ ደህና ናቸው አልን። አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁን ኖሮ በአንድ ቃል ይፈታ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን የጥየቃ ሰዓት ላይ «ጥቂት ፀሐይ እናሙቀው» ብለው በሁለት ሰው ድጋፍ ይዘውት ወጡ። ግቢው በጠያቂ ተሞልቷል። ፒክአፑ ውጭ ቆሞ ነበር። ተረኛዋ ነርስ አልጋው ላይ ያገኘችው የተነቀለውን የግሉኮስ ገመድ ብቻ ነው።

የኋላውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ መጨረሻ ላይ ለመናገር አቅም አይኖረኝም። ወሬው ከቆቃ እስከ መቂ ሄደ። ሰው ዘመዱን ሲያመጣ፣ «እንደ ዓሣ አጥማጁ ክፍት እንዳትተዉብን» ማለት ጀመረ። የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ሕዝብ ቅሬታ አለው ብለው፣ ቆዳ ሳይሰፋ ማንም በሽተኛ ከኦፕራሲዮን ክፍል እንዳይወጣ አዘዙ። ራሞን ታዘዘ። መግሉም ሽታውም ተመለሰ፣ የሚበተነውም ስፌት ተመለሰ። እስኪሄድ ድረስ አማርኛ ተናግሮ አልሰማሁትም፤ ክር ሲፈልግ እንኳ በጣቱ ነበር የሚያሳየኝ። በዚያ ትእዛዝ ምክንያት ያለ ጊዜያቸው የሞቱትን ማንም አላወቀም፣ እኔ ግን ብዙዎቹን በመልካቸው አስታውሳለሁ።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን። የሆስፒታሉን ላንድሮቨር ለማንቀሳቀስ የቤንዚን ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር ፊርማ ስንለምን ሌላ ቀን አለፈ። ራሞን ነዳ፣ እኔና ጋሽ ወርዶፋ ከኋላ ተቀመጥን። መንገድ ላይ ጋሽ ወርዶፋን፣ «ለመሆኑ ምን ብለው ሄዱ?» አልኩት።

«ምን ይበሉ፣ ዶክተሩ ራሳቸው ነገሯቸው እኮ» አለ። «እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ወጡና ከፈትን አሉ። ዘጋን አሉ። ቆዳ ክፍት አሉ። ከዚያ እንዲህ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላቸው። ሴትየዋ እዚያው ቁጭ አለች። እኔም አዘንኩ፤ ሰውየው አልሆነለትም ብዬ ነው የኖርኩት።»

«አንተም?» አልኩት።

«ዘጋን ካሉ ሌላ ምን ልበል ሲስተር?»

እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ራሞን ከእኛ አገር ሽማግሌዎች አይቶ የወደደው አክብሮት ነበር። ራሞን ጨዋታችን ስለፈጠነበት አልገባውም፤ በመስታወቱ ውስጥ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሻል አለኝ። ፍጠን አልኩት። በሕይወት እንደርስበት ይሆናል እያልኩ ድምፄን ሳላሰማ እስከ ቆቃ ጸለይኩ።

ቤቱ ከመድረሳችን በፊት የመንደሩ ወንዶች ከዛፍ ሥር ተሰብስበው አየን። ጠዋት ነበር ያረፈው። ወንድሙ ሊቀበለን መጣ፣ ቁጣ የለበትም፣ ለለቅሶ የመጣን ነበር የመሰለው። በኦሮምኛ ለጋሽ ወርዶፋ ሁሉን ነገረው። ይኼ ምን ይሠራለታል ብለው የአፍንጫውን ቱቦ አወጡለት። የሚሄድ ሰው አምሮት አይከለከልምና ምን ትወዳለህ አሉት፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አለ፣ ወተት አለ። ሰጡት። ሁለት ቀን በልቶ፣ ልጆቹን መርቆ፣ ከዚያ ሆዱ ተነፋ። ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ናቸው እንዳልል በፍቅር ነበር ያደረጉት።

ራሞን ሊያየው ጠየቀ። አስገቡን። ገና አልተገነዘም ነበር። ሆዱ ተወጥሯል፤ ውስጥ የተደረበው ጥገና ጭኮውን አልቻለውም። ነገር ግን ጎዙን ሳነሳ ክሩ አንድ ቦታ እንኳ አልለቀቀም። ቁስሉ ንጹሕ ነው፣ ቀይ ነው፣ ጠርዙ ለመገናኘት ደርሷል። መግል የለም፣ ሽታ የለም። አዴ ዳዲ የእኔን አያያዝ አይታ ኖሮ በየቀኑ በፈላ የጨው ውሃ ታጥበው ነበር። ሆስፒታል ቢሆን ያን ዕለት ልናቀራርበው ነበር። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያማረ ቁስል አላየሁም፣ የሞተ ሰው ላይ ነው ያየሁት።

አዴ ዳዲ ከበሩ ተነስታ መጣች። እኔንም ጋሽ ወርዶፋንም አላየችም። ራሞን ፊት ቆመች። አማርኛ ለሷም እንደሱ በኋላ የተማረችው ነው፤ እንዲገባው ብላ ቃሉን አንድ በአንድ አስቀመጠችለት።

«ዶክተር። በር ላይ መጣህ። ከፈትን አልክ። ዘጋን አልክ። እኛ አለቀ ብለን ወሰድነው። ይኸው ቁስሉ ድኗል። ለምን ሰፋን አላልክም?»

ላስተረጉምለት ወደሱ ዞርኩ። እጁን አንስቶ ከለከለኝ።

«አያስፈልግም ሲስተር» አለኝ በአማርኛ። «ቃሎቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።»